ያላነበብኩት ገጽ

ሰው ያለፈ ጥፋቱን ሲያወራ «ያኔ አልገባኝም ነበር» ማለት ይቀናዋል። እኔ እንደዚያ ማለት አልችልም። ገብቶኝ ነበር። ያቺን አንድ ገጽ አጥፌ ደረት ኪሴ ውስጥ ስከት የማደርገውን አሳምሬ አውቅ ነበር።

ጀማል እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ከሳጉሬ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው፤ የምኖረው ግን አሰላ ነው። መናኸሪያው አካባቢ ፎቶ ኮፒ የማነሳባትና ማመልከቻ የምጽፍባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ይህ ሲሆን ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ሚስት አላገባሁም፤ ልቤም ሐሳቤም ፓርቲያችን ላይ ነበር። የአሰላ ቅርንጫፍ ጸሐፊ ነበርኩ።

የፓርቲውን ስም መጥራት አያስፈልግም። ትንሽ ነበር፤ የሚለው ነገር ግን ግልጽ ነው። ሃይማኖት ይከበር፣ ሽማግሌ ይደመጥ፣ ትዳር አይናቅ፣ መሬት አይሸጥ። ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም ነበረበት። ሌላው ሲያሾፍብን «የትናንት ሰዎች» ይለን ነበር። እኔ በስሙ እኮራ ነበር።

ምርጫ ሲቃረብ ቅርንጫፋችን አንድ ዕጩ መርጦ እንዲያቀርብ ተነገረን። ሁለት ሰዎች ቀረቡ።

አንዱ ጋሼ ኡመር ናቸው። ሁለተኛ ደረጃ እያለሁ ሲቪክስ ያስተማሩኝ መምህሬ ናቸው፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። የአንድ ባለሥልጣን ልጅ ውጤት ይስተካከል ሲባሉ «ልጁ ይማር እንጂ ውጤቱ አይማርም» ብለው እምቢ ስላሉ፣ ሦስት ዓመት ቆላ ተመድበው ወባ ይዟቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። ቃላቸው አንድ ነው። ማንም «ትንሽ ቢለሳለሱ ምን አለ» ቢላቸው ትክ ብለው ያዩታል።

ሁለተኛዋ አዴ መዲና ናቸው፤ «አዴ» በኦሮምኛ እንደ «እትዬ» ነው። ሳጉሬ ላይ ምርጥ ዘር ይሸጣሉ። ከማንም ጋር ይስቃሉ፣ ከማንም ጋር ይደራደራሉ። አንድ ጊዜ ክረምት የወሰደውን የእግረኛ ድልድይ ለማስጠገን የወረዳውን ሹማምንት እየተመላለሱ ለመኑ። ሰዎቹም ሲመረቅ ሪባኑን እኛ እንቁረጥ አሉ። አዴ መዲና እሺ ብለው አስቆረጧቸው፤ ፊት ቆመውም አጨበጨቡላቸው። እኛ የፓርቲው ወጣቶች ተናደድን። ድልድዩን ግን ተሻገርንበት።

ከዚህ የባሰውና እኔን ያስቆጣኝ የገብሱ ነገር ነበር። አዴ መዲና የሳጉሬን አካባቢ ገበሬ አደራጅተው ከአንድ ብቅል ፋብሪካ ጋር አዋውለዋል። ገበሬው የቢራ ገብስ ይዘራል፤ ፋብሪካው ዘርና ማዳበሪያ ቀድሞ ይሰጣል፣ ምርቱን በተስማሙበት ዋጋ ይወስዳል። መጠጥን የሚነቅፍ ፓርቲ ለቢራ ገብስ ያዋዋለች ሴትን ዕጩ አድርጎ ሊያቀርብ ነው? ለእኔ ያለቀለት ጉዳይ ነበር።

ለብዙኃኑ ግን አልነበረም። ስብሰባው እሑድ ሊሆን ሐሙስ ዕለት አባላቱን በስልክ ሳጠያይቅ አዴ መዲና እየመሩ ነው። በቅርንጫፋችን ሥር ያሉት የኢተያ አባላት ለእሳቸው ናቸው፤ የሳጉሬዎቹም አብዛኞቹ። አሰላም ተከፍሏል። ጨነቀኝ። የፓርቲውን መተዳደሪያ ደንብ አውጥቼ ማገላበጥ ጀመርኩና አንቀጽ አሥራ አራት ላይ ቆምኩ። «ከመጠጥና ከቁማር ንግድ ጥቅም የሚያገኝ ሰው በዕጩነት አይቀርብም» ይላል። ደንቡን ራሴ ነኝ የተየብኩት፤ ግን ረስቼው ነበር። አንቀጹን ያረቀቁት ደግሞ ጋሼ ኡመር ናቸው።

የቀረኝ ማስረጃ ብቻ ነበር። ዓርብ ጠዋት ሱቄን ዘግቼ በሚኒባስ ሳጉሬ ወረድኩ። የገበሬዎቹ ማኅበር መጋዘን ኃላፊ ያውቀኛል።

«የገብሱን ውል ቅጂ ፈልጌ ነበር፤ ለእሑዱ ስብሰባ» አልኩት።

«አዴ መዲና አዘው ነው?»

ፈገግ አልኩ እንጂ አልመለስኩለትም። እሱም ፈገግታዬን «አዎ» ብሎ ቆጠረው። «ምን የሚደበቅ አለው» ብሎ አራት ገጽ ወረቀት ሰጠኝ። እዚያው ፎቶ ኮፒ አስነስቼ ዋናውን መለስኩለትና ወደ አሰላ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

ከከተማው ሳንርቅ ጎማው ተነፈሰ። ሾፌሩ እያዘገመ አንድ ጎሚስታ ጋ አደረሰን፤ ተሳፋሪው ወርዶ ቆመ። እኔ ከድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ወረቀቱን ማንበብ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ገጽ ውሉ ነው፤ ከሥሩ የአዴ መዲና ፊርማ። ደስ አለኝ። ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ የገበሬዎቹ ስምና አሻራ ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ መሐል አካባቢ ዓይኔ ቆመ።

ሻምሲያ ገመዳ። ከጎኑ የአውራ ጣት አሻራ።

ሻምሲያ ገመዳ እናቴ ናት።

አባቴ ከሞተ ጀምሮ መሬቱን የምታርሰው እሷ ናት። ገብስ እንደምትዘራ አውቃለሁ፤ እዚያ ደጋ ላይ ገብስ የማይዘራ የለም። የበሶ ገብስ፣ የቆሎ ገብስ ነበር የሚመስለኝ። የሱቄን ማሽን የገዛሁት «ገብስ ሸጬ ነው» ብላ በሰጠችኝ ገንዘብ ነበር። የትኛውን ገብስ ብዬ አልጠየቅኳትም ነበር።

ከጎሚስታው እስከ እናቴ ቤት በእግር ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ሄጄ ላናግራት እችል ነበር። ጎማው ተሠርቶ ሾፌሩ «ግቡ» ሲል ከሁሉ ቀድሜ ገባሁ።

ቅዳሜ ጋሼ ኡመር ቤት ሄድኩ። ጓሯቸው ውስጥ ጎመን ይኮተኩታሉ። የውሉን የመጀመሪያ ገጽ አሳየኋቸው፤ አንቀጽ አሥራ አራትንም አነበብኩላቸው። መኮትኮታቸውን አቁመው መኮትኮቻቸውን ተደገፉ።

«ይህን አንቀጽ ስጽፍ መዲናን አላሰብኩም ነበር» አሉ። «መጠጥ ቤት ያለውን፣ አረቄ የሚያከፋፍለውን ነበር ያሰብኩት።»

«ሕግ ሰው አይለይም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።»

«ብያለሁ።» አፈር የነካ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። «ሙሉ ነው ወረቀቱ? የጎደለ ገጽ የለም?»

«ሙሉ ነው» አልኳቸው። ሦስተኛውን ገጽ ላለማቅረብ ግን ወስኜ ነበር የሄድኩት።

«እንግዲያው ይነበብ። እሷም ቆማ ትመልስ።»

መምህሬን ስዋሽ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር። አስተማሪዬ በነበሩ ጊዜ እንኳ ዋሽቻቸው አላውቅም። ሱቄ ተመልሼ ሦስተኛውን ገጽ ከሌሎቹ ለይቼ አጠፍኩት። መጀመሪያ ልቀደው ነበር፤ የእናቴ ስም ያለበትን ወረቀት መቅደድ እጄ እምቢ አለኝ። ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

እሑድ ጠዋት የተከራየነው አዳራሽ ሞላ። ሰብሳቢያችን አቶ ታደሰ ናቸው። በወጣትነታቸው ከጎጃም ለነርስነት ተመድበው መጥተው እዚሁ ያረጁ፣ ኦሮምኛውን ከእኛ እኩል የሚያወሩ ሰው ናቸው። ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ፊት ለፊት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አዴ መዲና ለጋሼ ኡመር የተቀዳውን ውኃ ወደሳቸው ያስጠጉላቸዋል።

እጄን አወጣሁ። «ምርጫው ከመጀመሩ በፊት የደንብ ጥያቄ አለኝ» አልኩና አንቀጹን አነበብኩ። ከዚያ ውሉን። አዳራሹ ተንጫጫ።

አቶ ታደሰ ወረቀቶቹን ተቀብለው ለአዴ መዲና ሰጧቸው። «ይዩትና ይመልሱ» አሉ።

አዴ መዲና መነጽራቸውን አድርገው አንደኛውን ገጽ አዩ። ገለጡ፤ ሁለተኛውን አዩ። ገለጡ። ግርጌው ላይ የገጹ ቁጥር አለ። አራት ይላል። ወደ ኋላ መለሱት፤ ሁለት። እንደገና ገለጡት፤ አራት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

እያንዳንዱን ገበሬ በስም ያውቁታል። የትኛው ገጽ እንደጎደለ፣ በዚያ ገጽ ላይ የማን ስም እንዳለ፣ ለምን እንደጎደለ በአንድ ጊዜ ሲገባቸው ዓይናቸው ላይ አየሁ። አበቃልኝ አልኩ። አንድ ቃል ይበቃቸው ነበር። «የጸሐፊያችን እናትስ?» ቢሉ ያልቅልኛል፤ ጋሼ ኡመርም አብረውኝ ይወድቃሉ።

ወረቀቱን አስተካክለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ፊርማው የኔ ነው» አሉ። «ወረቀቱም የማኅበራችን ነው።»

«የሚጨምሩት አለ?» አሉ አቶ ታደሰ።

«የለኝም።»

አንድ የኢተያ ወጣት ተነስቶ «ሕግ ከሆነ ለሁሉም ይሁን! ውሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ጥቅም አግኝቷል፤ ስማቸው ይነበብና እነሱም ድምፅ አይስጡ!» አለ። ገሚሱ አጨበጨበ። ጸሐፊ ነኝና እኔው እንዳነብ ታዘዝኩ። ማንበብ ጀመርኩ። አምስተኛው ስም ላይ ከኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሱ። ኦቦ ባቲ ናቸው። የእናቴ ጎረቤት፣ በልጅነቴ ትከሻቸው ላይ አድርገው ወንዝ ያሻገሩኝ፣ ድምፃቸውንም ለጋሼ ኡመር ሊሰጡ ከሳጉሬ የመጡ።

«እኔ ነኝ» አሉ በኦሮምኛ። «ልውጣ ወይስ እስኪያልቅ ልቀመጥ?»

መልስ ሳይጠብቁ ባርኔጣቸውን አንስተው በመተላለፊያው ቀስ እያሉ መውጣት ጀመሩ። እኔ ማንበቤን ቀጠልኩ። ሁለተኛው ገጽ አለቀ። አራተኛውም አለቀ። ኦቦ ባቲ በሩ ጋ ደርሰው ቆመው ያዳምጣሉ። የእሳቸውና የእናቴ ማሳ አጠገብ ለአጠገብ ነው፤ ዘሩን በአንድ ጋሪ ነው የሚያመጡት። ስሟ አለመጠራቱን ሰምተዋል።

«በቃ? ይኸው ነው?» አሉ አቶ ታደሰ።

«ይኸው ነው» አልኩ።

ኦቦ ባቲ አዩኝ። የተናደዱ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። ያዩኝ እንደታመመ ልጅ ነው። ከዚያ አንገታቸውን ደፋ አድርገው በሩን ከፈቱ። እሳቸውም ዝም አሉ። ሁለት ሰው፣ አንዷን በሸንጎ ያዋረድኳቸው፣ አንዱን ያስወጣኋቸው፣ እኔን ላለማዋረድ ዝም አሉ።

«ኦቦ ባቲ፣ አይውጡ!» ብዬ ጮህኩ። እጄ ራሱ ነው ኪሴ የገባው። «አንድ ገጽ አለ። ሦስተኛው። እኔ ነኝ ያወጣሁት።»

ወረቀቱን ዘርግቼ ከላይ ጀምሬ አነበብኩ። የእናቴ ስም ላይ ስደርስ ቆምኩ። ከዚያ «ሻምሲያ ገመዳ። እናቴ ናት» አልኩ። የቀሩትን ስሞች ማን እንዳነበባቸው አላስታውስም።

ጋሼ ኡመር ወንበራቸውን ገፋ አድርገው ተነሱ። እንደ ክፍል ውስጥ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«አንቀጹን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ለቢራ የሚሆን ገብስ መዝራት ልክ ነው ብዬ አላምንም። ዛሬም አላምንም። ለመዲናም ፊት ለፊቷ እነግራታለሁ። ነገር ግን ገብስ መዝራት መጠጥ መነገድ ነው ወይ የሚለውን፣ እኔ ተወዳዳሪዋ ሆኜ አልፈርድባትም። በዚህ መንገድ ካሸነፍኩ ሰርቄ ነው። የደንቡ ጥያቄ ይቅር፤ ድምፅ ይሰጥ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ይህ ልጅ ግን ጉባኤውን ዋሽቷል። እኔንም ዋሽቶኛል። የእኔ ደጋፊ ስለሆነ አይታለፍም። ከጸሐፊነት ይውረድ። ዛሬም ድምፅ አይስጥ። ከአባልነትም ይሰረዝ።»

አዴ መዲና ከተቀመጡበት እጃቸውን አወጡ።

«ጋሼ ኡመር፣ በዛ» አሉ። «ራሱ ነው እኮ ያወጣው። ከጸሐፊነት ይውረድ እሺ፤ ድምፁን ግን ይስጥ።»

«በድምፁ አልደራደርም።»

«እንግዲያው አባልነቱን ይተዉለት። ነገ ማመልከቻ ማን ይጽፍልናል?»

ጋሼ ኡመር መሬት መሬት አዩ። «እሱስ ይሁን» አሉ በመጨረሻ።

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ጋሼ ኡመር ከሰው ጋር ሲደራደሩ ያየ ሰው አልነበረም። እኔ አልሳቅኩም፤ የደንቡን ማኅደር ጠረጴዛው ላይ አኑሬ ወጣሁ። ኦቦ ባቲ በዚያው በር ሲገቡ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

በረንዳው ላይ ብቻዬን ቆሜ ጠበቅኩ። ያን ሁሉ የለፋሁለት ምርጫ ውስጥ ሲካሄድ እኔ ውጭ ነበርኩ። አዴ መዲና በሦስት ድምፅ አሸነፉ። ሰው ሲወጣ ጋሼ ኡመር በሩ ላይ የአዴ መዲናን እጅ ይዘው ሲያነጋግሯቸው ሰማሁ።

«አብሬሽ ቀበሌ ለቀበሌ እዞራለሁ» ይሏቸዋል። «አንድ ነገር ግን በጽሑፍ ትሰጪኛለሽ። ለምግብ ገብስም ገዢ ትፈልጊያለሽ። የጀማል እናት ሌላ ገዢ ሳታገኝ እንዴት ኃጢአተኛ እላታለሁ?»

«እፈርማለሁ፤ እኔን ፈርሚ እንዳሉኝ ግን እርስዎም አብረውኝ ለመዞርዎ ይፈርሙ» አሉ አዴ መዲና።

ከሰዓት በኋላ ሳጉሬ ሄድኩ። እናቴን አዮ ነው የምላት። ደጃፍ ላይ ድንች ትለቅማለች። አጠገቧ ተቀመጥኩና የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። የምንነጋገረው በኦሮምኛ ነው፤ እኔ ነኝ ወደ አማርኛ የምመልሰው።

«ለምን አልነገርሽኝም፣ አዮ?»

ድንቹን መልቀሟን አላቆመችም። «ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለች። «ስትመጣ ይሄ ሐራም ነው፣ ያ ሐራም ነው ትለኛለህ። እውነትህን ነው። ማዳበሪያውን ከየት አመጣሽው ብለህ ግን አንድ ቀን አልጠየቅከኝም።»

አንድ ድንች አነሳሁና እኔም መልቀም ጀመርኩ።

«ደስ ብሎኝ የምዘራው መሰለህ? በየዓመቱ ገብሱ ሲጫን ቤት ገብቼ ነው የምቀመጠው። አላህን ይቅር በለኝ እለዋለሁ። ሌላውን ገብስ ነጋዴው ባሻው ዋጋ ነው የሚወስደው፤ አንዳንዴም አይመጣም። መዲና ይህንን ስነግራት 'ሻምሲያ፣ ለጊዜው ነው፤ የተሻለ ፈልጌ እመጣለሁ' አለችኝ። አልፈረደችብኝም። ደግ አደረግሽም አላለችኝ።»

በዚያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ከደረሰብኝ ውርደት ይልቅ የዘገነነኝ ይህ ነው። እናቴ ከእኔ ጋር አንድ እምነት ነበራት። እኔ በንግግር የያዝኩትን እሷ በየዓመቱ በጭንቀት ትሸከመው ነበር። እኔ ግን እንድትደበቀኝ አድርጌያታለሁ።

የምርጫው ነገር እንዲህ አለቀ። አዴ መዲና በዋናው ምርጫ ተሸነፉ፤ በሰፊው። ጋሼ ኡመር ግን ቃላቸውን ጠብቀው በዚያ በደካማ ጉልበታቸው አብረዋቸው ዞሩ። በየቀበሌው አዴ መዲና የሚቻለውን ሲናገሩ፣ ጋሼ ኡመር ደግሞ የማይሸጠውን ይናገሩ ነበር። አንዳንዴ መድረክ ላይ ይጨቃጨቁ ነበር፤ ሰው ይስቃል፤ ግን ያዳምጣል። ከምርጫው በኋላም በሩ ላይ የተስማሙበት ወረቀት አልተረሳም። አዴ መዲና አዳማ ድረስ ተመላልሰው የበሶ ዱቄት የሚያዘጋጁ ሁለት ነጋዴዎች አገኙ። የሚገዙት ጥቂት ነው፤ ለሁሉም አይበቃም። አንዳንድ ገበሬ ማሳውን ከፈለ፤ ሌላው በቀድሞው ቀጠለ።

እኔ ዛሬም አባል ነኝ። ጸሐፊ ግን አይደለሁም፤ ሆኜም አላውቅም ከዚያ ወዲህ። ሰዎች «ያን ቀን ብትመርጥ ለማን ትሰጥ ነበር?» ይሉኛል። እናንተም ሳትጠይቁኝ አትቀሩም። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ወደ አዳራሹ ስገባ ለጋሼ ኡመር ነበር፤ ስወጣ አላውቅም ነበር። ጋሼ ኡመር ባይኖሩ ሁላችንም መዋሸቴን እንደ ጥፋት ሳንቆጥር እናልፈው ነበር። አዴ መዲና ባይኖሩ ደግሞ ዛሬ ከዚያ ሰፈር ሰው ጋር ሰላም አልባባልም። ሁለቱንም ንቄ ነበር ማለት ነው፤ አዴ መዲናን በአፌ፣ ጋሼ ኡመርን በሥራዬ።

አንባቢዎቼ፣ እናንተም አንድ ቀን ከሁለት ሰው አንዱን ምረጡ ትባላላችሁ። አቋም የማይለውጠውን ወይስ ከሰው ጋር የሚስማማውን? ምክር የለኝም። እኔ ግን አሁን ሰውየው በንግግሩ ምን እንዳለ ከማየቴ በፊት፣ እሱ ቤት ውስጥ እውነቱን የሚነግረው ሰው አለ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ለእኔ የሚነግረኝ አልነበረም።

ባለፈው ሰኔ፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ አዮ ደወለችልኝ።

«ዘንድሮ ምን ልዝራ ትላለህ?» አለችኝ።

የዱሮው ጀማል ቢሆን መልሱ ምላሱ ላይ ነበር። «አንቺ ምን አሰብሽ?» አልኳት።

ስልኩ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። የተቋረጠ መስሎኝ «አዮ?» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «ነገሩ ረዘም ይላል፤ ቆይ ልቀመጥና ልንገርህ።»